ዐፄ ምኒልክ፤ ጥድና ባሕር ዛፍ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ግራና ቀኙን ቢመለከት ዐይኑ ይበልጡን የሚያርፈው በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ነው። ይኸውም ቅጠሉ ሾጣጣ፤ ግንዱ ቀጥ ያለ፤ ሽታው ከሩቅ የሚታወቅ ባሕር ዛፍ ነው። በደሴ ተወልደን ያደግን እኛ በልጅነታችን ይህ ዛፍ ከጦሳ ተራራ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለን ነበር። ስሙ ግን ራሱ ይመሰክርበታል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ ከገባ 130 ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። እንዲገባ የፈቀዱትና እንዲስፋፋ ያደረጉት ንጉሠ ነገሥትም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው።

ስለ ዐፄ ምኒልክ የዐድዋ ድል፤ ስለ ስልኩና ስለ ባቡሩ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው ብዙ ያልተነገረውን፤ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ዛፍ ያወጡትን ሕግና ለተካዮች የሰጡትን ማበረታቻ ነው። ይህንንም የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ በግቢው፤ በአጥሩና በመንገዱ ዳር የአገሩን ዛፍ እንዲተክል ማዘዝ ይሻላል ወይስ ማበረታታት የሚለው ጥያቄ ክረምት በመጣ ቁጥር ይነሣል። ለዚህ ጥያቄ ከምኒልክ ሕይወት የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፤ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። ዕድሜያቸው ገና 12 ዓመት ሳይሞላ፤ በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ አባታቸውም በዚያው ሰሞን ዐረፉ። ሕፃኑ አልጋ ወራሽ ተማርኮ ከአገሩ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ በዛሬው ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለችው በመቅደላ አምባ ተቀመጠ። እንግዲህ ምኒልክ ከልጅነት ወደ ጉልምስና የተሻገሩት በእኛው አገር ተራራ ላይ ነው ማለት ነው።

በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከአምባው አመለጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የወሎ ሰው ሳያውቀው ሊያድግ አይገባም። ምኒልክ የሸሹት ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ነበር። የወርቂት ልጅም እንደ ምኒልክ ሁሉ በመቅደላ ታስሮ ነበርና እናት ያሰበችው የሸሸውን እንግዳ መልሶ ልጇን ለማስለቀቅ ነበር። ነገር ግን ቴዎድሮስ በምኒልክ ማምለጥ ተቆጥተው ልጇን ከሌሎች እስረኞች ጋር በገደል አስወርውረው ኖሯል። ይህ ወሬ በደረሳት ጊዜ ወርቂት በእንግዳዋ ላይ ቂም አልያዘችም፤ ሰው ጨምራ ወደ ሸዋ ሸኘችው። ልጇን ያጣች እናት ያን ቀን ሌላ ብታስብ ኖሮ ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ባልኖረ ነበር።

ምኒልክ ሸዋ ገብተው ንጉሥ ከሆኑ በኋላም ከወሎ አልራቁም። ወረ ኢሉን ምሽጋቸው አደረጉ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በላይ በምትገኘው በቦሩ ሜዳ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ለሃይማኖት ጉባኤ ተቀመጡ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉት በአምባሰል በውጫሌ ነው። ያ ውል ጦር ባመጣ ጊዜም በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ሠራዊታቸው እንዲከት ያዘዙት በወረ ኢሉ ነበር። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ራስ ሚካኤልም የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወልደዋል። ይህን የጋብቻ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ ወደ ዛፉ ጉዳይ ይመልሰናል።

የዛፉ ጉዳይ የሚጀምረው ከተማ በመቆርቆር ነው። የጥንት ነገሥታቶቻችን ከተማ ከአንድ ቦታ ብዙ ዘመን አይቆይም ነበር። ሠራዊቱ፤ አሽከሩና ባለሟሉ በሰፈረበት ሁሉ ለቤቱ ምሰሶ፤ ለምድጃው ማገዶ ይቆርጣል፤ በዙሪያው ያለው ደን ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ምኒልክም ከአንኮበር ተነሥተው፤ ሌላ ሌላም ቦታ ከሰፈሩ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። እንጦጦ ከፍ ያለና ብርዳም ቦታ በመሆኑ እሳት የማይነድበት ቤት አልነበረም፤ ከዚህም የተነሣ የተራራው ጥድ ፈጥኖ ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃው አጠገብ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ሕዝቧ እየበዛ በሄደ ቁጥር ከዚሁ ተራራ ትበላ ጀመር። ምሰሶውም፤ ማገሩም፤ ማገዶውም ከዚያ ይወርድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንጨት ሻጩ ካህያው ጋር የግማሽ ቀን መንገድ ካልሄደ የሚቆርጠው አያገኝም ነበር።

እዚህ ላይ ምኒልክ ምን ዓይነት ገዥ እንደነበሩ የሚያሳይ ነገር እናስቀድም። በክፉ ቀን ዘመን፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ሁሉ በጨረሰ ጊዜ ገበሬው ማረሻውን ሰቅሎ ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ ራሳቸው ዶማ አንሥተው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም አፍረው ተከተሉ። በእጅ መቆፈር እንደ ውርደት በሚታይበት ዘመን ይህ ከማናቸውም አዋጅ የበለጠ ሠራ። ምኒልክ ሰው የሚታዘዘው ሲታዘዝ ብቻ እንዳልሆነ ያወቁ ሰው ነበሩ ለማለት ያስደፍረናል።

ሆኖም ስለ ደን መጀመሪያ የሞከሩት መከልከልን ነው። ዛፍ ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ አዘዙ፤ በተለይም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘውን የመናገሻን ደን አስጠበቁ። ይህ ደን በቃል እንደሚተረከው በ15ኛው ምእት ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። ትረካው እውነት ከሆነ በአገራችን የአገር በቀል ዛፍን በመንግሥት ትእዛዝ ማስተከል ከ500 ዓመት በላይ ያስቈጠረ ነገር ነው። ለማናቸውም መናገሻ ዘበኛ ስላለው ተረፈ፤ ዘበኛ የሌለው የእንጦጦ ጥድ ግን አለቀ። ክልከላው ያልሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሴትዮዋ ሽሮ ሳታፈላ፤ እንጀራ ሳትጋግር ልታድር አትችልም፤ ሕጉም ጥዱን አትቁረጪ አላት እንጂ በምን እንደምታነድ አልነገራትም።

ነገሩ እየከፋ በመሄዱ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ተሻግረው አዲስ ዓለምን ይቆረቁሩ ጀመር። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፤ መንገድም ተጠረገ። እንደ አባቶቻቸው ልማድ ቢሆን አዲስ አበባ ያን ጊዜ ተፈታ ነበር። ነገር ግን መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ገንዘባቸውን አፍስሰዋልና መነሣቱን አልወደዱትም። ደግሞም ከጥቂት ዓመታት በፊት የተተከለ አንድ የእንግዳ አገር ዛፍ መድረስ ጀምሮ ነበር። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ መናገሻውም ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ቀረ።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፤ ብዙዎች የሚያመሰግኑበት የንጉሠ ነገሥቱን አማካሪ ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳይሌን ነው። ዘሩን ማንም ያምጣው ማን፤ ዛፉን ያስፋፋው ግን የምኒልክ ብልሃት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ እንዲታደል አደረጉ፤ ዛፍ ለተተከለበት መሬትም ግብር ማሩ። በዚህ ሁሉ ማስገደድ አልነበረበትም፤ የሚተክለው ሰው የሚተክልበትን ምክንያት በኪሱ አገኘው እንጂ። ዛፉም ማበረታቻውን ተባበረው። ነጭ ባሕር ዛፍ በ5 ወይም በ6 ዓመት ለምሰሶ ይደርሳል፤ ከቆረጡትም በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም። ከብት የማይበላው ዛፍ ለአገራችን ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቀዋል። በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ አዲስ አበባ በዛፍ ተሸፈነች፤ ከዚያም ዛፉ መንገድ በተከፈተበት ሁሉ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ፤ የጦሳንና የአዝዋን ተዳፋት ያለበሰውም እርሱ ነው።

ዛሬ ባሕር ዛፍን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛም በዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህን ስንሰማና ስንጽፍ ነው የኖርነው። ነገር ግን ይህ ዛፍ ባይመጣ ኖሮ የቀረው ጥድና ወይራ ሁሉ ምጣድ ሥር እንደሚገባ መዘንጋት ግፍ ነው። የጦሳን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ የደሴ እናቶች ልጆቻቸውን ያስተማሩት በእርሱ ነው። በዚያው ልክ ጉዳቱም የታወቀ ነው። ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ በሥሩ ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፤ ሣር የሌለው ቁልቁለት ደግሞ ዝናብ በመጣ ጊዜ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። በገደል ሥር ለተሠራች እንደ ደሴ ላለች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳቱ በምኒልክ ዕድሜም ሳይታወቅ አልቀረም። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ጉዳይ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት እንዲኖረው አደረጉ። ወዲያው ግን ሕመም ጸንቶባቸው ከአልጋ ዋሉ፤ መንግሥቱም ዞሮ ዞሮ በልጅ ልጃቸው በልጅ ኢያሱ እጅ ገባ። ቀደም ብለን አንባቢ ልብ እንዲል ያሳሰብነው ይህ የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ በሥልጣን ላይ ሳለ፤ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ምንጭና ጉድጓድ እየደረቀ ነው በማለት ከባሕር ዛፉ ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀልና በምትኩ እንጆሪ ዛፍ፤ ማለትም የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ዛፍ፤ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። አዋጁ ከወረቀት አልፎ አልተፈጸመም። ማን ይፈጽመዋል? ሰውየው ግብር ተምሮለት የተከለውን፤ ቤቱን የሠራበትን፤ ልጁን የዳረበትን ዛፍ ያለ ምንም ካሣ ንቀል ተባለ። በምትኩ ትከል የተባለውም ቢሆን የአገሩ ዛፍ አልነበረም፤ ጥድና ወይራን ያን ጊዜ ያስታወሰ የለም።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ሳይነገር ተሰውሮ ኖረ፤ በኋላም ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። በዕድሜያቸው ስለ ዛፍ ሁለት ሥራ ሠርተዋል፤ አንደኛው መከልከል፤ ሁለተኛው ማበረታታት። የከለከሉት እንጦጦ ተራቆተ፤ ያበረታቱት ዛፍ ግን አገሩን ሞላ። የሚቆጨን አንድ ነገር ነው፤ ማበረታቻው የተሰጠው ለባሕር ዛፍ ባይሆንና ለወይራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሐረጎ የምናየው ሌላ በሆነ ነበር። በእርግጥ ወይራ በ5 ዓመት ምሰሶ አይሆንምና ለከተማው የእንጨት ረኀብ አይደርስም ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ግቢ አጥር ላይ የሚተከለው ዛፍ ምሰሶ እንዲሆን የሚጠበቅ አይደለም፤ ስለዚህ የዘመኑ ምክንያት በዘመኑ ቀርቷል ብለን እናምናለን።

ከምኒልክ በኋላ የወጡትን ሕጎች ስንመለከት ይበልጡን የመከልከሉን መንገድ የተከተሉ ሆነው አግኝተናቸዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፤ ዋንዛ፤ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ይህ አዋጅ በ1999 ዓ.ም.፤ ያም በተራው በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። የ2010ሩ አዋጅ ለደን አልሚዎች ማበረታቻ እንዲሰጥ ማዘዙ ከቀደሙት የሚሻልበት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ደን እንጂ ስለ ከተማ ግቢና አጥር አይደለም። የከተማ ፕላን መመሪያም ከከተማው መሬት 30 በመቶው አረንጓዴ እንዲሆን ይላል፤ ምን ያህል መሬት አረንጓዴ እንደሚሆን ይወስናል እንጂ አረንጓዴው ምን ዛፍ እንደሚሆን አይወስንም። በፈረንጅ ጥድና በግራቪሊያ የተሞላ ሜዳም 30 በመቶውን ይሞላል። ክልከላ ብቻውን የሚያመጣው ሌላም ጣጣ አለ። በማሳው ዳር ዋንዛ የበቀለለት ገበሬ፤ ዛፉ ካደገ በኋላ ለመቁረጥ ደጅ መጥናት እንደሚጠብቀው ካወቀ ቡቃያውን ገና በለጋነቱ ይነቅለዋል።

ኮምቦልቻ በዚህ ረገድ የራሷ ሥቃይ አላት። ከደሴ የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን ከፍታዋ ግን 1,850 ሜትር ያህል በመሆኑ ከ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከደሴ ይልቅ ሞቃት ናት። በአበባው ማማር በየአገሩ ለጌጥ የተተከለው የወፍ ቆሎ በአካባቢዋ ከአጥር አምልጦ የግጦሹን መሬት ወርሮታል። ቅንጭ አረምም ከባሕር ማዶ ገብቶ በመንገድ ዳርና በማሳው ተሰራጭቷል። ለውበት ሲባል የመጣ ቁጥቋጦ ከብት አርቢውን እንዴት እንደሚያራቁት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ መጓዝ ይበቃል።

እንግዲህ ምን ይተከል? የኮምቦልቻ ሙቀት ለዋንዛ፤ ለሾላ፤ ለብሳናና ለግራር ይስማማል። ወርካም ጥላው እጅግ መልካም ነው፤ የወሎ ሽማግሌ ሸንጎ የተቀመጠው፤ ዱዓ የተደረገው፤ እርቅ የወረደው በእርሱ ሥር ነውና፤ ነገር ግን ሥሩ ግንብ የሚያፈርስ በመሆኑ ለሰፊ አደባባይ እንጂ ለጠባብ ግቢ አንመክረውም። የደሴ ብርድ ጥድን፤ ወይራንና ኮሶን ይወዳል። ለአጥር የሚሆነውን የሚጠይቀን ቢኖር በደሴ ቀጋ፤ በኮምቦልቻ አጋምና ክትክታ አሉ። ቀጋ የአገራችን ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባውም ቀይ ፍሬውም ያምራል፤ እሾሁም ዘበኛ አያስፈልገውም። ከቅርንጫፉ ተቆርጦ የሚተከለው ቆርችም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ሲሆን በቀይ አበባው ከማናቸውም የመጣ ጌጥ አያንስም። ከሥር ደግሞ ጦስኝና ጠጅ ሣር ቢኖሩ ግቢው በቡና ሰዓት ሌላ ሽታ አያስፈልገውም።

የደሴና የኮምቦልቻ አስተዳደሮች ይህን በትእዛዝ ብቻ ለማስፈጸም ቢነሡ የ1905ቱ አዋጅ ዕጣ ይደርስባቸዋል ብለን እንሰጋለን። የምኒልክ መንገድ ግን ክፍት ነው። የአገሩን ችግኝ ከመጤው አርክሶ ማቅረብ፤ የቤትና የቦታ ግብር ሲከፈል በግቢው ወይራና ጥድ ላሳደገ ነዋሪ ጥቂት መቀነስ፤ የተከለው ሰው ካደገ በኋላ ያለ ምልልስ እንዲከረክምና እንዲጠቀምበት መፍቀድ፤ የወፍ ቆሎን ብቻ በጽኑ መከልከል። ዛፉ ዘግይቶ ስለሚደርስ ማበረታቻውም በተተከለበት ቀን ሳይሆን ችግኙ ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ቢሰጥ ይሻላል፤ ለፎቶግራፍ ተተክሎ በበጋ የደረቀ ችግኝ ስንት አይተናልና። በእንጦጦ ላይም ቢሆን ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እያስለቀቀ በአገር በቀል ዛፍ ሲተካ የቆየው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው።

ባለፈው ክረምት እኛም ለራሳችን ግቢ ወይራና ኮሶ ፈልገን በደሴ ወደ አንድ ችግኝ ሻጭ ሄደን ነበር። አዛውንቱ ያላቸው ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ ብቻ ሆነ። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው፤ ገዢው ሁሉ የሚጠይቀው በስንት ዓመት እንደሚደርስ ነው፤ የወይራ ፍሬም ቅርፊቱ ድንጋይ ስለሆነ ካልተሰነጠቀ በቶሎ አይበቅልም፤ ማን ይገዛኛል ብዬ እደክማለሁ አሉን። ነገር ግን ግማሹን ዋጋ አስቀድመን ብንከፍላቸው ለመጪው ሐምሌ ዐሥር የወይራ ችግኝ ሊያደርሱልን ተስማሙ። ከፈልናቸው፤ እርሳቸውም ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው ፍሬውን ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢለቅሙ እንደሚሻል ከልጃቸው ጋር መከራከር ጀመሩ።